ቁልፉ አልተሰበረም፤ የተጣመመው መቃኑ ነው

ጥያቄ፦ «አዲስ አበባ ጎሮ አካባቢ ከእናቴና ከሁለት ልጆቼ ጋር እኖራለሁ። ለጥምቀት ጃንሜዳ ውለን ስንመለስ ቤታችን ተሰብሮ አገኘነው። ቴሌቪዥኑን፣ ላፕቶፑን፣ የእናቴን ወርቅ፣ የጋዝ ሲሊንደሩን ሳይቀር ወስደዋል። አጥራችን 2 ሜትር ተኩል ብሎኬት ነው፤ አናቱ ላይ የጠርሙስ ስባሪ አለበት። የሳሎኑ በር የብረት ነው። ቁልፉ ደህና ነው፤ በሩ ግን በቁልፉ በኩል ተጣሟል። ከወር በፊት የለቀቀችው ሠራተኛችን ቁልፍ ሳትመልስ ስለሄደች ሰው ሁሉ እሷን ጠርጥሩ ይለናል። ቨርጂኒያ ያለው ወንድሜ ገንዘብ ልኮ አራት ካሜራ አስገጥሙ ብሏል። ጎረቤታችን ደግሞ አጥሩ ላይ ሽቦ ዘርግተን መብራት እንድንለቅበት መክሮን ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ለቅዳሜ ቀጥረናል። መስኮቶቹንም በሙሉ ፍርግርግ ልናስበይድባቸው ነው። ከየቱ እንጀምር?»

ምላሽ፦ ከጻፉት ሁሉ ትልቁ ነገር «ቁልፉ ደህና ነው፤ በሩ ግን በቁልፉ በኩል ተጣሟል» ያሉት ነው። በር፣ መስኮትና ቁልፍ ስሠራ ከ20 ዓመት በላይ ሆኖኛል፤ ከሥራዬም ብዙው ሌባ ያፈረሰውን መጠገን ነው። ቁልፍ በእጁ ያለ ሰው በር አያጣምምም። ከፍቶ ይገባል፣ ወስዶ ይወጣል፣ ከቻለ መልሶ ቆልፎ ይሄዳል፤ ባለቤቱ ዕቃው መጥፋቱን የሚያውቀው ከቀናት በኋላ ነው። የእርስዎን በር የከፈተው ግን መቃኑና በሩ መካከል የገባ ዲጂኖ ወይም እሱን የመሰለ ብረት ነው። ስለዚህ ልጅቷን በዚህ ምልክት አይጠርጥሯት። ከገጠር መጥታ ሰው ቤት የምትሠራ ልጅ በአንድ ቃል ጣቢያ ልትገባ፣ ስሟም ሠፈሩ ውስጥ ሊጠፋ ይችላል። ለፖሊስ ያዩትን ይንገሩ፤ በሩ መጣመሙን፣ ቁልፉ አለመነካቱን፣ ቁልፍ ሳትመልስ መሄዷንም ጭምር። መደምደሚያውን ግን ለመርማሪው ይተዉት። ያልተመለሰው ቁልፍ መፍትሔው ቀላል ነው፤ ሲሊንደሩን፣ ማለትም መክፈቻው የሚገባበትን የቁልፉን መሃል ብቻ ማስለወጥ ይበቃል፤ ሙሉውን ቁልፍ መቀየር አያስፈልግም።

አሁን ወደ በሩ። እኛ አገር የሚሠራው አብዛኛው የብረት በር ኤልቲዜድ ከሚባለው የበርና የመስኮት ብረትና ከላሜራ የሚበየድ ነው። ሲያዩት ጠንካራ ይመስላል፤ የቁልፉ ምላስ የሚገባበት የመቃኑ ቀዳዳ ግን ስስ ብረት ላይ በግራይንደር የተቆረጠ ክፍተት ብቻ ነው። ከኋላው ምንም የለም። ሌባው ዲጂኖውን ከምላሱ አጠገብ አስገብቶ ሲጫነው መቃኑ ወደ ግድግዳው ይለጠጣል፤ ምላሱ ወደ ውስጥ የገባው 1 ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ ከሆነ ሳይሰበር ከቀዳዳው ሹልክ ይላል። የእርስዎ ቁልፍ ደህና የሆነው ለዚህ ነው። ሰዎች ከስርቆት በኋላ ሮጠው ውድ ቁልፍ ይገዙና እዚያው የተጣመመ መቃን ላይ ያስገጥማሉ። ከዚያ በኋላ የሚሰበረው በር ላይ ቁልፉ አሁንም ደህና ይሆናል።

የሚያስፈልግዎ የብየዳ ሥራ ነው፤ ሙያውን የሚያውቅ ሰው በአንድ ቀን ይጨርሰዋል። መጀመሪያ መቃኑ ከግድግዳው ጋር በትክክል መያያዙን ያስመርምሩ፤ በጎንና በጎን ወደ ግድግዳው የሚገቡ የብረት ጥርሶች ሊኖሩት፣ በመቃኑና በብሎኬቱ መካከል ያለው ክፍተትም በሲሚንቶ ሊሞላ ይገባል። በጣት ሲመቱት ባዶ ድምፅ ከሰጠ አልተሞላም ማለት ነው። ቀጥሎ ምላሱ በሚገባበት ቦታ ከመቃኑ ጀርባ 5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ካለው ብረት የተሠራ ኪስ ይበየድ። ምላሱ ቢያንስ 2 ሳንቲ ሜትር ወደ ውስጥ መግባት አለበት፤ ያለዎት ቁልፍ ይህን ያህል ካልወጣ መለወጥ ያለብዎ ያኔ ነው። ከላይና ከታች አንድ አንድ መቀርቀሪያ ይጨመር። በማጠፊያው በኩል ደግሞ ከበሩ ላይ የሚወጡ ሁለት 12 ሚሊ ሜትር የፌሮ ጥርሶች በሩ ሲዘጋ መቃኑ ውስጥ እንዲገቡ ተደርገው ይሠሩ፤ ማጠፊያው ውጭ ያለበት በር ላይ ሌባ ዘንጉን አውጥቶ ወይም በሰጌቶ ቆርጦ በሩን ከቁልፉ በተቃራኒ በኩል ይከፍታል፤ ጥርሶቹ ይህን ይከለክሉታል። አዲሱ ሲሊንደር ከበሩ ፊት ከ2 ወይም ከ3 ሚሊ ሜትር በላይ ብቅ እንዳይል ተለክቶ ይገዛ። ብቅ ያለ ሲሊንደር በፒንሳ ተይዞ ይቀነጠሳል፤ መሃሉ ላይ ቪቴው የሚገባበት ቀዳዳ ስላለ የሚሰበረውም እዚያው ላይ ነው።

ይህን ሁሉ የምዘረዝረው ሌባ የሚፈራው ሁለት ነገር ስለሆነ ነው፤ ጊዜና ድምፅ። በአንድ ደቂቃ ውስጥ ያልተከፈተ በር፣ መዶሻ የሚያስፈልገው በር፣ ጎረቤት «ማነው?» የሚልበት በር ብዙውን ሌባ ይመልሰዋል። የበዓል ቀን የሚመረጠው ለዚህ ነው። ጥምቀት ላይ ሠፈሩ በሙሉ ታቦት ሊሸኝ ወጥቷል፤ የፋሲካና የገና ሌሊት ሰው ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ለቅሶና ሠርግ ያለ ቀን ማን ቤት እንደሌለ በድንኳኑ ይታወቃል። ክረምት ደግሞ ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ መቃን ሲጣመም የሚሰማ ጆሮ የለም። ሌባ ሌሊት ብቻ ይመጣል ብሎ ማሰብ ትልቁ ስሕተት ነው።

አጥርዎ 2 ሜትር ተኩል መሆኑ አልጠቀመዎትም፤ እንዲያውም ጎድቶዎታል። ከውጭ ምንም የማይታይበት ግቢ አንዴ ከተዘለለ በኋላ የሌባው መደበቂያ ነው፤ በሩ ላይ ግማሽ ሰዓት ቢሠራ መንገደኛ አያየውም። የጠርሙስ ስባሪውም አንድ ጆንያ ታጥፎ ሲጣልበት ሥራው አለቀ። ከዚህ ይልቅ ግቢውን ዞር ብለው በሌባ ዓይን ይዩት። ሮቶው የተቀመጠበት የብረት ማማ ከአጥሩ ምን ያህል ይርቃል? የጎረቤት ጅምር ግንባታ ላይ ያለው የባሕር ዛፍ መወጣጫ ወደ እናንተ ግቢ ያዘነበለ አይደለም? መሰላላችሁ ከሰርቪሱ ጀርባ ተጋድሞ አይደለም? ብዙ ጊዜ ሌባ መሰላል ይዞ አይመጣም፤ እዚያው ያገኘዋል። በሩን ለማጣመም የተጠቀመበት ዲጂኖ የባለቤቱ ሆኖ ያገኘሁባቸው ቤቶች ጥቂት አይደሉም። እነዚህን ቆልፎ ማስቀመጥ ምንም አያስወጣም።

ወንድምዎ አራት ካሜራ ያሉት ከመጨነቅ ነው፤ ነገር ግን ካሜራ በር አይዘጋም። በኋላ የሆነውን ያሳይዎታል፤ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» እንደሚባለው ነው። ሌባው ኮፍያና ማስክ ካደረገ የሚያዩት የአንድ ሰው ቁመትና ጃኬት ነው። መቅረጫው ሳጥን አብዛኛው ቤት የሚቀመጠው ከቴሌቪዥኑ ሥር ስለሆነ ከቴሌቪዥኑ ጋር አብሮ ይሄዳል። መብራት ሲጠፋ ካሜራውም፣ ዋይፋዩም፣ ስልክ ላይ የሚመጣው ማስጠንቀቂያም አብረው ይጠፋሉ። ደግሞ አንድ ነገር ለወንድምዎ ይንገሩልኝ፦ ጥር ላይ አዲስ አበባ ረፋድ 4 ሰዓት ሲሆን ቨርጂኒያ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነው። ስልካቸው ቢጮህ እንኳ ተኝተዋል፤ ቢነቁም ከ10 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ርቀው ነው። ማስጠንቀቂያው መድረስ ያለበት በ3 ደቂቃ በራችሁ ላይ ለሚቆም ጎረቤት ነው።

ካሜራ አይግዙ አልልም። አንድ ይበቃል፤ የሚገጠመውም ጣራ ላይ ሳይሆን የግቢው በር አጠገብ፣ የሚገባው ሰው ፊት በሚታይበት ከፍታ ነው። መቅረጫው ሌላ ክፍል ውስጥ፣ ኮርኒስ ላይ ወይም የተቆለፈ ቁም ሣጥን ውስጥ ይሁን፤ ለጥቂት ሰዓት የሚያቆይ ባትሪ ይኑረው፤ ሲገዛ አብሮት የመጣው የይለፍ ቃል በዚያው ቀን ይቀየር። የጎረቤት መስኮትና ግቢ ውስጥ እንዳይመለከት አድርገው ያስገጥሙት፤ ከሁሉ የሚበልጠው ጥበቃዎ ጎረቤትዎ ስለሆነ በካሜራ አያስቀይሙት።

ስለ ኤሌክትሪኩ ግን ምንም ማግባቢያ የለኝም፤ እንዳያደርጉት። ከሶኬት የሚወጣው 220 ቮልት ያለማቋረጥ ይፈሳል፤ የጨበጠው ሰው ጡንቻው ስለሚኮማተር ልልቀቅ ቢል እንኳ እጁ አይታዘዘውም። የልብን ምት ለማዛባት ጥቂት አሥር ሚሊ አምፔር ይበቃል። የድሮው 60 ዋት አምፖል እንኳ የሚስበው 270 ሚሊ አምፔር ገደማ ነው። ቆጣሪው ሥር ያለው 10 አምፔር ማቋረጫ እስኪዘል ቢጠበቅ ሰውየው ሞቷል፤ ማቋረጫው የተሠራው ሽቦው እንዳይቃጠል እንጂ ሰው እንዳይሞት አይደለም። የሚሞተውም ሌባው ብቻ አይሆንም። ኳስ ሊያወርድ የወጣ የጎረቤት ልጅ፣ እርጥብ ልብስ የምታሰጣ ሴት፣ ዛፍ የሚቆርጥ የቀን ሠራተኛ፣ የራስዎ ሁለት ልጆችም አሉ። ክረምት ሲመጣ ብሎኬቱ ይረጥባል፣ ሽቦው ይወድቃል፣ የቆርቆሮ በሩ ራሱ ኤሌክትሪክ ይዞ ሊያድር ይችላል።

በሕግም አያድንዎትም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 78 ሰው ራሱንና መብቱን እንዲከላከል ይፈቅዳል፤ ነገር ግን ጥቃቱ በዚያው ቅጽበት የደረሰ ወይም ሊደርስ የተቃረበ፣ መከላከያውም ከአደጋው ጋር የተመጣጠነ መሆን አለበት ይላል። እርስዎ ጃንሜዳ ሆነው ግቢዎ ውስጥ ሰው የሚገድል ሽቦ ለቴሌቪዥን ሲባል ተመጣጣኝ ነው ብሎ የሚቀበል ዳኛ አይጠብቁ።

የኤሌክትሪክ አጥር የሚባለው እውነተኛው ዕቃ ሌላ ነው። የራሱ መሣሪያ አለው፤ በሰከንድ አንድ ጊዜ ያህል፣ ዓይን ተጨፍኖ ከሚገለጥበት ባነሰ ጊዜ የሚያልፍ ምት ብቻ ይለቃል። ቮልቱ ብዙ ሺህ ቢሆንም በአንዱ ምት የሚያልፈው ጉልበት በዓለም አቀፉ መለኪያ ከ5 ጁል እንዳይበልጥ ተወስኗል፤ ያማል፣ ያስደነግጣል፣ እጅን ያስለቅቃል። ይህንም ቢሆን መሬት ውስጥ የሚቀበር የራሱ ግራውንድ፣ ከመንገድ የሚታይ ማስጠንቀቂያና ሥራውን የተማረ ገጣሚ ይፈልጋል። ለእናንተ ቤት ግን አሁን አያስፈልግም፤ ገንዘቡ በሩ ላይ ይዋል።

የመስኮት ፍርግርግ ስለማስበየድ የሚነግርዎ ሰው ሁሉ ደግ ምክር የሰጠዎት ይመስለዋል። እኔም እንደዚያ ይመስለኝ ነበር። ከብዙ ዓመት በፊት ለአንድ ቤተሰብ ሦስት መኝታ ክፍል ያለው ቤት መስኮቶቹን በሙሉ በ12 ሚሊ ሜትር ፌሮ በየድኩላቸው፤ ደንበኛው «ዝንብ እንዳይገባ» ብሎኝ ነበር፤ እንዳለኝም አደረግሁ። በሌላ ዓመት ሌሊት ላይ ከሳሎኑ እሳት ተነሣ፤ በሩ ጋ መድረስ አልተቻለም። ልጆቹን ጎረቤት በዲጂኖ ፍርግርጉን ከግድግዳ ነቅሎ ነው ያወጣቸው። ተርፈዋል። ሄጄ የተነቀለውን ብረት አየሁት፤ ብየዳው አንድም ቦታ አልለቀቀም፤ የለቀቀው ግድግዳው ነው። ሲሚንቶው በደንብ የተሠራ ቢሆን ኖሮ ልጆቹ አይወጡም ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ የማይከፈት የመኝታ ቤት ፍርግርግ አልበየድኩም፤ ደንበኛ ተቆጥቶ ሥራውን ለሌላ ሰው ሲሰጥም ዝም ብያለሁ።

ስለዚህ ፍርግርግ ያስገቡ፤ ግን ሰው በሚተኛበት ክፍል ሁሉ ቢያንስ አንዱ መስኮት ላይ ያለው በማጠፊያ የሚከፈት ይሁን። ቁልፉ ክፍሉ ውስጥ፣ በጨለማ በእጅ በሚገኝ ቦታ ይሰቀል፤ ከመስኮቱ ውጭ እጅ ቢገባ ግን እንዳይደርስበት ይራቅ። እናትዎ የሚተኙበትን ክፍል እሳቸው ራሳቸው ከፍተው ይሞክሩት፤ ለእጃቸው ከከበደ ያስተካክሉት። ልጆቹም ዓይናቸውን ጨፍነው ይክፈቱት። መብራት ሲጠፋ ሻማ፣ ለቡና ከሰል የምንለኩስ ሰዎች ነን፤ አዲስ አበባ ውስጥ የእሳት አደጋ መጥሪያ 939 ነው፤ በሩ ጀርባ ጽፈው ይለጥፉት። የብረቱ ክፍተት ከ10 ሳንቲ ሜትር እንዳይሰፋ ያስደርጉ፤ የሕፃን ጭንቅላት የማያሳልፍ ነው ብለው ያስቡት፤ ትናንሽ ልጆችን አሾልከው የሚያስገቡ ሌቦች አሉና።

ጣራው ተረስቶ እንዳይቀር። ሮቶው ላይ የወጣ ሰው ቆርቆሮ ገንጥሎ በኮርኒሱ ሊወርድ ይችላል። ከውጭ ያሉትን የቆርቆሮ ምስማሮች ያስመልከቱ፤ የላሉ ካሉ በዊንች ቪቴ ይተኩ።

ከብረቱ ሥራ የማያንሰው ልማድ ነው። ስትወጡ የግቢውን በር ከውጭ በጓጉንቸር አትቆልፉት፤ ተንጠልጥሎ የሚታይ ጓጉንቸር «ሰው የለም» ብሎ ለመንገደኛ ሁሉ ይናገራል። የእጅ ማስገቢያ ቀዳዳ ካለው ከውስጥ ይቆለፍ፤ ቀዳዳውም የላሜራ ክዳን ይኑረው። ቁልፍ ከአበባ ማሰሮ ሥር አይቀመጥ። በዓል ላይ ሆናችሁ ፎቶ ብትነሡም ወደ ፌስቡክና ቲክቶክ የሚወጣው ቤት ከገባችሁ በኋላ ይሁን። «ቆጣሪ አንባቢ ነኝ» ብሎ የሚመጣ ሰው መታወቂያው ሳይታይ አይግባ። ከጎናችሁ ካሉት ሦስትና አራት ቤቶች ጋር ተነጋገሩ፤ በሚቀጥለው በዓል ከየቤቱ አንድ ሰው ተራ ይግባና ይቅር። እድራችሁ ይህን ማደራጀት አያቅተውም።

ለሠፈሩ የጋራ ጥበቃ ከቀጠራችሁ ተያዥ ያለው፣ መታወቂያው ቅጂ የተቀመጠ ይሁን፤ ባትሪ፣ ፊሽካና ሁልጊዜ ካርድ ያለው ስልክ ስጡት። የቤት ቁልፍ አትስጡት። ደመወዙን በቀኑ ክፈሉት፤ ሁለት ወር ያልተከፈለው ሰው ዝናብ ላይ ቆሞ ቤታችሁን እንዲጠብቅ መጠበቅ አይገባም።

የቀሩትን ዕቃዎች የመለያ ቁጥር ዛሬ በደብተር ይጻፉ፤ የስልኮቹን *#06# ሲደውሉ ያገኙታል። የተሰረቀው ቴሌቪዥንና ላፕቶፕ ካርቶን ወይም ደረሰኝ ካለ ቁጥሩን ለጣቢያው ይውሰዱ፤ ዕቃ ተይዞ «የማን ነው?» ሲባል የእርስዎ መሆኑን የሚያስረዱበት እሱ ነው። ወርቅ ከቁም ሣጥንና ከፍራሽ ሥር አይቀመጥ፤ መጀመሪያ የሚፈተሸው እዚያ ነው።

አንድ ገደብ ልንገርዎ። ያልኩዎትን ሁሉ ቢያደርጉም ግራይንደር ይዞ የመጣ፣ ጊዜም ያለው ሰው ይገባል። በር ያዘገየዋል፣ ያስጮኸዋል፤ ያን ጊዜ የሚሰማው ሰው መኖር አለበት። እናንተ እያላችሁ የገባ እንደሆነ ደግሞ አትታገሉት፤ ልጆቹንና እናትዎን አንድ ክፍል ሰብስበው ከውስጥ ይቆልፉ፤ 991 ይደውሉ፤ ይጩኹ። ከውጭ መጥታችሁ በሩ ተከፍቶ ብታገኙም አትግቡ፤ ሰውየው ውስጥ ሊሆን ይችላል። ጎረቤት ጋ ሆናችሁ ፖሊስ ጥሩ፤ እስኪመጣም ምንም አትንኩ።

በቅደም ተከተል ከሆነ የጠየቁኝ፣ ወንድምዎ የላኩት ገንዘብ መጀመሪያ ለመቃኑ፣ ለኪሱ፣ ለመቀርቀሪያዎቹና ለሲሊንደሩ ይዋል። ከእሱ ቀጥሎ የሚከፈት ፍርግርግ፣ መጀመሪያ በመኝታ ቤቶቹ። ከዚያ ሰው ሲንቀሳቀስ የሚበራ መብራት በሳሎኑ በርና በጓሮው። የተረፈ ካለ አንዷ ካሜራ። የቅዳሜውን ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ቀጠሮ አይሰርዙት፤ ዛሬውኑ ይደውሉለትና ሥራው መቀየሩን ይንገሩት፤ ሽቦውን ትቶ ሁለቱን መብራቶች ይዞ ይምጣ።